ከቀበሌ ቤት እስከ ኮንዶሚኒየም ዕጣ

ዛሬ ስለ ቤት ትንሽ ታሪክ ላውጋችሁ።

እናቴ በቀበሌ ቤት ነው ያሳደገችን። ደርግ በ1967 ዓ.ም የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ሲወርስ ኪራይ ተቀነሰ፣ ብዙ ድሃ ተጠለለ። ግን ቤት ማከራየት ለግለሰብ ስለተከለከለ ለኪራይ የሚሠራ ጠፋ። እኛ ልጆቹ ስናድግ የምንገባበት አጣን።

ከዚያ ኮንዶሚኒየም መጣ። በ2005ቱ ምዝገባ 20/80 ባለ አንድ መኝታ ቁጠባው በወር 274 ብር ነበር። ተመዘገብኩና ወደ አረብ አገር ወጣሁ። ሐምሌ 2014 ዕጣ ወጣ ሲባል ሌሊቱን አልተኛሁም። በዳታው ማጭበርበር ተገኘና ተሰረዘ፤ ኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። ስሜ የለም። እስካሁን ደሞዜ የእህቴን ኪራይ ነው የሚከፍለው።

እናቴ ቤቱ የሷ ባይሆንም ኪራይ አላስጨነቃትም። እኛ ቆጥበንም ተከራይ ነን።

እህቶች፣ በ2016 በወጣው አዋጅ የቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም። ቤተሰቦቻችሁ በጽሑፍ ይዋዋሉ። የቁጠባ ደብተሩም በራሳችሁ ስም ይሁን። እናንተስ፣ ስንት ዓመት ጠበቃችሁ?