የፖርትሬት ሌንስ፦ ከቪየና እስከ ቶኪዮ

የሉዊ ዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴ በኦገስት 1839 በፓሪስ ይፋ ሲሆን ሕንጻውም፣ ሐውልቱም፣ ጎዳናውም ለካሜራ ተመቸ። ያልተመቸው ሰው ነበር። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዳጌርን ካሜራ ሌንስ የሠራው የፓሪሱ መነጽር ሠሪ ሻርል ሸቫሊዬ ነው። ሌንሱ ለመልክዓ ምድር ጥርት ያለ ምስል ይሰጣል፤ ቀዳዳው ግን እጅግ ጠባብ፣ የዛሬ ፎቶ አንሺዎች ኤፍ 16 ከሚሉት ብዙም የማይሰፋ ነበር። በዚያ የሚገባው ብርሃን በብር የተለበጠው ሰሌዳ ላይ ምስል እስኪያሳርፍ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። ፊቱን ለማስነሣት የተቀመጠ ሰው ዐይኑ እንባ ያቀርራል፣ አንገቱ ይዝላል፤ ትንሽ ከተነቃነቀ ደግሞ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ጭንቅላትን ከኋላ ደግፎ የሚይዝ ብረት የፎቶ ቤት ዕቃ የሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

ኒው ዮርክ ውስጥ አሌክሳንደር ዎልኮት ሌንሱን ጭራሽ ትቶ በጎድጓዳ መስታወት የሚሠራ ካሜራ ሠራና በ1840 መጀመሪያ የፖርትሬት (የሰው ፊት ፎቶ) ስቱዲዮ ከፈተ። መስታወቱ ብርሃን በብዛት ቢሰበስብም የሚያወጣው ምስል ትንሽ ነበር። ዘላቂውን መፍትሔ ያመጣው አንድ የሒሳብ መምህር ነው።

ዮሴፍ ፔትስቫል በ1807 ዛሬ ስሎቫኪያ በሚባለው አገር ተወልዶ በቪየና ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተምር ነበር። የሥራ ባልደረባው አንድሪያስ ፎን ኤቲንግስሃውዘን የዳጌርን ዘዴ ፓሪስ ድረስ ሄዶ አይቶ ሲመለስ የሌንሱን ችግር አጫወተው። እስከዚያ ዘመን መነጽር ሠሪዎች መስታወት እየሞረዱ፣ እየሞከሩ፣ እንደገና እየሞረዱ ነበር የሚሠሩት። ፔትስቫል ግን የብርሃን ጨረር በእያንዳንዱ መስታወት ሲያልፍ ስንት እንደሚታጠፍ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ለማስላት ተነሣ። ስሌቱ ለአንድ ሰው የማይገፋ ስለነበር የመድፈኛው ጦር አዛዥ የነበሩት አርክዱክ ሉድቪግ ሒሳብ የለመዱ መድፈኞች አዋሱት። የመድፍ ጥይት የት እንደሚያርፍ ማስላት የለመዱት ወታደሮች የጨረር መንገድ ሲያሰሉ ከረሙ።

በ1840 የተጠናቀቀው ሌንስ አራት መስታወቶች ነበሩት፤ ከፊት ሁለት የተጣበቁ፣ ከኋላ ሁለት በመካከላቸው ክፍተት ያላቸው። ቀዳዳው ኤፍ 3.6 ግድም ነው። የኤፍ ቁጥር የሚገኘው የሌንሱ የትኩረት ርዝመት ለቀዳዳው ስፋት ሲካፈል ስለሆነ፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። ከኤፍ 16 ወደ 3.6 መውረድ ማለት ወደ 20 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ማስገባት ነው። በዚያው ሰሞን የለንደኑ ጆን ጎዳርድ ሰሌዳውን በብሮሚን ለብርሃን ይበልጥ ንቁ አደረገው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ የደቂቃዎቹ ጥበቃ ወደ ሰከንዶች ወረደ፤ ፖርትሬትም ዳቦ የሚያበላ ሙያ ሆነ።

ሌንሱን የሠራው የቪየናው ፒተር ፍሪድሪሽ ፎይግትሌንደር ለፔትስቫል 2,000 ጉልደን ከፈለው። ሌንሱ በገፍ መሸጥ ሲጀምር ሁለቱ ተጣሉ። ፎይግትሌንደር በ1849 በጀርመን ብራውንሽቫይግ ሌላ ፋብሪካ ከፈተ፤ በሌሎች አገሮች ያሉ ባለሙያዎችም ሌንሱን እየገለበጡ ሸጡት። ፔትስቫል በ1859 ቤቱ ተዘርፎ የእጅ ጽሑፎቹ ጠፉበት።

ሌንሱ አንድ ጉድለት ነበረው። መሐሉ ላይ እንደ ምላጭ ስለታም ሲሆን ወደ ጠርዙ ግን ብዥ ይላል። ሕንጻ ለሚያነሣ ሰው ይህ እንከን ነው። ፊት ለሚያነሣ ግን ፊቱ መሐል ላይ ጠርቶ፣ ወንበሩና መጋረጃው ዳር ላይ ቢደበዝዙ ማን ይከፋዋል? ዛሬ ገንዘብ የሚወጣበት የደበዘዘ ዳራ ታሪኩ የሚጀምረው ሌንሱ ብርሃን ለማግኘት ከከፈለው ዋጋ ነው።

ይህን ዋጋ አውቀው ወደ ጥበብ ከለወጡት አንዷ እንግሊዛዊቷ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ናት። ካሜራ የያዘችው በ48 ዓመቷ፣ በ1863 መጨረሻ ሲሆን የመጀመሪያ ሌንሷ የፔትስቫል ዓይነት ነበር። ሌንሱን ስታስተካክል ምስሉ ለዐይኗ ያማረበት ቦታ ላይ ታቆማለች እንጂ የመጨረሻው ጥራት ላይ እስኪደርስ አትጠብቅም። የዘመኑ የፎቶግራፍ ጋዜጦች ሥራዋን የጀማሪ ስሕተት አድርገው ነቀፉት።

እሷ ካነሣቻቸው መካከል ኢትዮጵያውያን የሚያውቁት ፊት አለ። አጼ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሕይወታቸውን ካጠፉ በኋላ፣ በኛ አቆጣጠር በ1860፣ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከመቅደላ በሚወርደው ጉዞ ላይ ዐረፉ። በጁላይ 1868 ካሜሮን በምትኖርበት በዋይት ደሴት ልጁን ለብቻውም፣ ባሻ ፈለቀ በሚል ስምም ከሚታወቀው ሞግዚቱ ከካፒቴን ትሪስትራም ስፒዲ ጋርም አነሣችው። ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። ካሜሮን በዚያን ጊዜ ትልቅ ሰሌዳና ረጅም ሌንስ ወደሚይዝ ካሜራ ተሸጋግራ ነበር። ሰሌዳው በሰፋና ሌንሱ በረዘመ መጠን ጥርት ብሎ የሚታየው ሥፍራ ይሳሳል፤ አንድ ፎቶም ደቂቃዎች ይወስድ ነበር። ከእናትና ከአባቱ የተለየ ሕፃን ያን ያህል ጊዜ ሳይነቃነቅ መቀመጡን እያሰቡ ሲያዩት ምስሉ ይከብዳል። ልዑሉ በ1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ውስጥ ሞቶ ዊንዘር ተቀብሯል።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ፈጣን ሌንስን ከስቱዲዮ አወጣው። ሉድቪግ ቤርቴለ ድሬስደን ለሚገኘው የኤርኔማን ፋብሪካ በ1920ዎቹ የነደፈው ኤርኖስታር እስከ ኤፍ 1.8 ደረሰ። በሕግ ትምህርት የተመረቀው ኤሪክ ሳሎሞን ይህን ሌንስ የያዘች ኤርማኖክስ ካሜራ ይዞ የዲፕሎማቶችን ጉባኤ ያለ ፍላሽ፣ በክፍሉ መብራት ብቻ አነሣ። አይሁዳዊ ስለነበር በ1944 ናዚዎች በአውሽቪትዝ ገደሉት።

ቤርቴለ ወደ ዛይስ ኩባንያ ተዛውሮ በ1932 ኤፍ 1.5 የሆነውን ሶናር አወጣ። መስታወቶቹን በሦስት ቡድን አጣብቆ ነበር የሠራው። ብርሃን በአየርና በመስታወት ድንበር ባለፈ ቁጥር የተወሰነው ስለሚንጸባረቅ፣ ድንበሩ ሲቀንስ ምስሉ አይፈዝዝም። በ1935 ደግሞ የዛይሱ አሌክሳንደር ስማኩላ ነጸብራቅን የሚቀንስ ስስ ቅብ አገኘ። ብዙ መስታወት ያላቸው የዛሬዎቹ ፈጣን ሌንሶች ያለዚያ ቅብ ባልተቻሉ ነበር።

ከዚያ ተራው የቶኪዮ ሆነ። በ1950 ለላይፍ መጽሔት ይሠራ የነበረው ጃፓናዊ ጁን ሚኪ አሜሪካዊውን ባልደረባውን ዴቪድ ዳግላስ ደንከንን በ85 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2 ኒኮር ሌንስ አነሣው። ደንከን በጃፓን ሌንስ ላይ እምነት አልነበረውም። ፎቶው ታትሞ ሲያየው ግን ተገርሞ ሌንሱን የሚሠራው የኒፖን ኮጋኩ ፋብሪካ ድረስ ሄደ፤ ሌንሶቹን ከጀርመኖቹ ጋር አስተያየ። የኮሪያ ጦርነት ሲፈነዳ ኒኮሮቹን ላይካ ካሜራው ላይ ገጥሞ ዘመተ። በዲሴምበር ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ጃፓን ሌንሶች ጻፈ፤ ዛሬ ኒኮን የሚባለው ኩባንያም በዓለም ገበያ ስም አወጣ። ያ የ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሶናር ንድፍ ልጅ ነበር።

85 ሚሊ ሜትር ለፊት የሚመረጠው በሚያስገድደው ርቀት ነው። ፎቶ አንሺው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ወይም ያንን በሚያክል ሴንሰር፣ ካሜራውን በቁመቱ ይዞ ከራስ እስከ ወገብ ለማንሣት ሁለት ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከዚያ ርቀት አፍንጫ ያለ ልኩ አይተልቅም። ሴንሰሩ አነስ ባለ ካሜራ 50 ሚሊ ሜትር ያንኑ ሥራ ይሠራል።

በ2013 የቪየናው ሎሞግራፊ ኩባንያ የፔትስቫልን ሌንስ በነሐስ ቀፎ እንደገና ለመሥራት ከሕዝብ 100,000 ዶላር ቢጠይቅ ከ1 ሚሊዮን በላይ አገኘ። ገዢዎቹ የፈለጉት ያንኑ ዳር ላይ የሚደበዝዘውን ጉድለት ነበር።

የመጀመሪያ ፖርትሬት ሌንሱን ለሚገዛ ሰው ኤፍ 1.8 ይበቃዋል። በኤፍ 1.2 የሚገኘው ብርሃን ከእጥፍ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ዋጋውና ክብደቱ ግን ከዚያ በላይ ይጨምራሉ። በ85 ሚሊ ሜትርና በሁለት ሜትር ርቀት 1.8 ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ዐይን ሲጠራ ጆሮ ይደበዝዛል ማለት ነው። ስለዚህ ፎከሱን ለካሜራው በሚቀርበው ዐይን ላይ ያድርጉ፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲያነሡ ደግሞ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 4 ያጥብቡት።