ስለ ግግና ስለ ጠማማ ጥርስ

የጠመመ ጥርስ በልጅነት በሽቦ ይቃናል ሲባል፣ እኛ የምንመረምረው ከሽቦው በፊት የተደረገውን ነው። በፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ያጥለቀልቃሉ፤ ውሃው ሲሸሽ በወረታ ዙሪያ ወባ ይነሣል። በጎንደር አገር ትኩሳትና ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ድዱ ያበጠ እንደ ሆነ «ግግ ነው» ይባልና፣ ያልበቀለው የወተት ክራንቻ በአዋቂ እጅ ተፈልቅቆ ሲወጣ ኖሯል። የሚወጣው ነጭና ለስላሳ ስለ ሆነ ትል ይመስላል፤ እናቲቱን ለመውቀስ አንደፍርም፣ በዓይኗ አይታዋለችና። ነገር ግን በአጠገቡ ያለው የቋሚው ጥርስ ዘር ሊጎዳ ይችላል፤ ጎረቤቶቹም ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ። ቤተ እስራኤል በ1977ና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ከተጓጓዙ በኋላ፣ የዚያ አገር የጥርስ ሐኪሞች የልጆቻቸው ክራንቻ መጉደሉን መዝግበው በ1986 ዓ.ም. አሳተሙ።