ለምለሙ አገርና የልጆቻችን ቁመት



የአገራችን የረኀብ ታሪክ ሲነሣ ሐሳባችን የሚያቀናው ወደ ደረቁ ምድር ነው። የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኀብ የርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንን አስከተለ፤ ከዚያ ወዲህም የመንግሥት ዐይን ዝናም በቀረበት ስፍራ ላይ አረፈ። እዚህ ሸካ ደኑ ለምለም፣ እንሰቱ በጓሮ፣ ቡናውና ማሩ በገበያ ነው። ታዲያ ልጅ ስለ ምን ይቀነጭራል? ቆጮ ሆድን ይሞላል፤ ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ነው። ተቅማጥ የሚመላለስበት ሕፃን ደግሞ የበላው ለዕድገት አይተርፈውም።

የመፍትሔው ፍለጋ ረጅም ዕድሜ አለው። በ1950ዎቹ በስዊድን ርዳታ በአዲስ አበባ የተቋቋመው፣ በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው ክፍል ፋፋን አበረከተልን። እኔም በልጅነቴ ቀምሼዋለሁ። ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከዱቄት ወተት የተሰናዳ መልካም ምግብ ነበር፤ ነገር ግን በሱቅ የሚሸጥ በመሆኑ ገንዘብና መንገድ ለሌለው የገጠር ሕፃን ሩቅ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጠን። ገምጋሚዎቹ የቤተሰቡ የረኀብ ወራት ማጠራቸውን አረጋገጡ፤ በልጆቹ ቁመት ላይ ግን የሚጠበቀውን ለውጥ አላገኙም። የእህል መኖር ብቻውን ልጅን አያሳድግምና።

በብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የቀነጨሩት በ1992 ዓ.ም. 58 በመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. 38 በመቶ ነበሩ። ደስ ያሰኛል። ሆኖም በእነዚያው ዓመታት ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላና መንገድም ተስፋፍተዋል። ስለዚህ ማንም ፕሮግራም ተነሥቶ «ይህ የእኔ ፍሬ ነው» ቢል፣ ማነጻጸሪያውን እንጠይቀው።

በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን ለማስቀረት ቃል ገባ፤ ሥራውንም በተከዜ ተፋሰስ ጀመረ። መነሻው ተገቢ ነው። ለምለሙ ምድር ግን ከመለኪያው ውጭ ሊቀር አይገባም።

ስለዚህ ወደ ጌጫ የሚመጣ ፕሮግራም ስንት ኩንታል አከፋፈለ፣ ስንት እናት አሠለጠነ ብለን ብቻ አንለፈው። ሁለት ዓመት የሞላው ልጃችን፣ ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ቀበሌ እኩያው ይልቅ ረዝሟልን? ብለን እንጠይቅ። የሕፃን ቁመት እርሱ ራሱ የተጻፈ ታሪክ ነው፤ አንባቢ ብቻ ይሻል።