በነጻ የሚሰጥ ነገር ዋጋው ምንድን ነው?



የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የላምባውን ገበያ ጠቅልሎ የያዘው ስታንዳርድ ኦይል እንዲከፋፈል እ.ኤ.አ. በ1911 በፈረደ ጊዜ፥ ከሕዝቡ ስጋት አንዱ የዋጋ መወደድ ነበር። ዛሬ ግን ፌስቡክንና ዋትስአፕን የመሳሰሉት ሳንቲም ሳያስከፍሉ ያገለግላሉ። ታዲያ ጉዳቱ ከወዴት ይመጣል?

ፌስቡክ በ2014 ዋትስአፕን ሲገዛ፥ የሁለቱን ደንበኞች መዝገብ በሚያስተማምን አኳኋን ማገናኘት እንደማይቻለው ለአውሮፓ ኮሚሽን አስታወቀ፤ ግዢውም ተፈቀደ። በ2016 ግን ዋትስአፕ የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር ከፌስቡክ መዝገብ ጋር ሊያገናኝ መሆኑን ገለጸ። ኮሚሽኑ ነገሩን ቢመረምር፥ ይህ እንደሚቻል የፌስቡክ ሠራተኞች አስቀድሞ በ2014 ያውቁት ኖሯል። ስለዚህ በ2017 የ110 ሚሊዮን ዩሮ መቀጫ ጣለበት፤ ግዢው ግን እንደ ጸና ቀረ።

ከዚህ በኋላ የጀርመን የገበያ ውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2019፥ ፌስቡክ ከልዩ ልዩ ስፍራ የሚሰበስበውን መረጃ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እንዳያዋሕድ ከለከለ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2023፥ የገበያ ተቆጣጣሪ የግል መረጃ ሕግ መጣሱን ጭምር ሊመረምር እንደሚችል ወሰነ። ሌላ መሄጃ የሌለው ሰው የሚሰጠው እሺታ፥ ስሙ ፈቃድ ይባል እንጂ ከግዴታ አይርቅምና።

በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እንግዲህ የሕዝብ መዝገብ በእጃችሁ ያለ ሁሉ፥ ኩባንያው «አይቻለኝም» ያለውን ሰምታችሁ ከመፈረማችሁ አስቀድሞ፥ የሚቻለውን መርምሩ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።