ሮማ በብሪታንያና በፎገራ

ከጣና በስተ ምሥራቅ ለተንጣለለው ለፎገራ ሜዳ የጥንቷ ብሪታንያ ታሪክ ባዕድ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱን አገሮች የሮማ ስም ያገናኛቸዋል።

እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ43 ዓ.ም. ቄሣር ቀላውዴዎስ ሠራዊቱን ባሕር አሻግሮ ብሪታንያን ወረረ። ነገዶቿ የተለያዩ ነበሩና አንዳንድ ነገሥታት ከወራሪው ጋር ተወዳጁ። ከነዚህ አንዱ ፕራሱታጉስ ለቄሣር ከርስቱ ቢያካፍልም፥ በሞተ ጊዜ ሮማውያን አገሩን ጠቅልለው ያዙ፤ ሚስቱን ቡዲካንም ገረፉ። ንግሥቲቱ ተነሥታ ለንደንን አቃጠለች፤ ሆኖም ድል ሆነች። ሮማም ብሪታንያን እስከ 410 ዓ.ም. ገደማ ገዛች።

በ1928 ዓ.ም. ደግሞ የኢጣልያ ጦር መጋቢት 23 ቀን ጎንደርን፥ በሚያዝያም ደብረ ታቦርን ያዘ፤ በመካከል ያሉት ወረታና ፎገራም በወራሪው እጅ ወደቁ። ግንቦት 1 ቀን ሙሶሊኒ የሮማ ግዛት ተመለሰ ብሎ ዐወጀ።

በእኛም ዘንድ ባንዳ አልታጣም፤ ዳሩ ግን የበጌምድር አርበኞች መሣሪያቸውን አላስቀመጡም። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ነጻ ስትወጣ ከአርበኞቻችን ጋር የተሰለፈው፥ ሮማ ቀድሞ የገዛቻት የብሪታንያ ጦር ነበር።

እንግዲህ አዲሲቱ ሮማ በዚህ ምድር ስድስት ዓመት አልሞላትም። ለወራሪ ዕድሜ የሚጨምርለት የሰይፉ ስለት ብቻ ሳይሆን የተወራሪው መለያየት መሆኑን ከሁለቱ ታሪኮች እንረዳለን።