የኃላፊነት መድን፦ ለጤና ቡድኖችስ ያስፈልጋል?

የኃላፊነት መድን (ላያቢሊቲ ኢንሹራንስ)፦ በጥፋታችን ሌላ ሰው ቢጎዳ በሕግ የምንጠየቀውን ካሳ፣ ዓረቦን (የመድን ክፍያ) የተቀበለን መድን ሰጪ እንዲከፍልልን የሚደረግ ውል። የመኪና ባለቤት ሁሉ አንዱን ዓይነት ያውቀዋል፤ «ሦስተኛ ወገን» የሚባለው ነው። እሱ ለተሽከርካሪ በአዋጅ ግዴታ ሆኗል።

መስቀል አደባባይ ማለዳ ደረጃውን የሚሮጡና ተሰብስበው ስፖርት የሚሠሩ ሰዎች መናኸሪያ ነው። እንዲህ ለጤናቸው ተሰብስበው ስፖርት የሚሠሩ ብዙ «የጤና ቡድኖች» የሚመሩት በበጎ ፈቃድ ነው፤ መዋጮውም ለኳስና ለማልያ ቢበቃ ነው። እንዲህ ያለ ቡድን ውድድር አዘጋጅቶ፣ በደንብ ያልታሰረ ድንኳን በነፋስ ወድቆ አላፊ አግዳሚ ቢጎዳ፣ የሕክምናውን ወጪና የቀረበትን ገቢ ማን ይከፍላል?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው እንዲክስ ያዛል፤ በነጻ ያገለገለውንና ደመወዝተኛውን አይለይም። አንቀጽ 2068 ግን ስፖርተኛን ይጠብቃል፤ በጨዋታ መካከል ሌላ ተጫዋች ወይም ተመልካች የጎዳ ሰው፣ ተንኮል ወይም ከባድ የደንብ ጥሰት ካልፈጸመ አይጠየቅም። ስለዚህ ኳስ ሲሻሙ ለደረሰ ስብራት ተጫዋቹ ብዙውን ጊዜ ካሳ አይከፍልም። በመንገዱ ሲያልፍ የነበረው ሰው ግን ተጫዋችም ተመልካችም አይደለም፤ ድንኳንን በቸልታ ማሰርም ከጨዋታው ውጭ ነው።

እንዲህ ላለው ተጎጂ እድር አይደርስለትም፤ እድር የሚደርሰው ለአባሉ ነው። የአደጋ መድንም የሚሸፍነው በውሉ የተካተተውን ሰው ነው። የኃላፊነት መድን የሚያስበው ከቡድኑ ውጭ ላለው ተጎጂ ጭምር ነው። በንግድ ሕጉ መሠረት የመድን ሰጪው ግዴታ የሚመጣው ተጎጂው ካሳ ሲጠይቅ ነው፤ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጉዳት ግን አይሸፈንም።

ታዲያ ያስፈልጋል? አብረው ለሚሮጡ ጥቂት ጓደኛሞች የአደጋ መድን ይቀድማል። ሕዝብ የሚጠራ፣ ድንኳንና መድረክ የሚተክል፣ የሌሎች ሰዎችን ልጆች ተረክቦ የሚያሠለጥን ቡድን ግን የኃላፊነት መድን ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ። ያለዚያ የአንድ ቀን ቸልተኝነት በነጻ ያገለገለውን ሰው ጥሪት ሊያሟጥጥ፣ ተጎጂውንም ያለ ካሳ ሊያስቀር ይችላል። ለአንድ ዝግጅት ብቻ የሚሆን ሽፋን እንዳለ መድን ድርጅቶችን ጠይቁ፤ ከመፈረማችሁ በፊት በጎ ፈቃደኞች በውሉ መካተታቸውን፣ የካሳውን ጣሪያና ያልተሸፈኑትን ጉዳቶች አንብቡ። ዓረቦኑንም ከማልያው በፊት በጀት ያዙለት።