ቦልስክሪው ለሚገዛ ጥቂት ምክር

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ የሲኤንሲ ሚሊንግ ማሽን በራሱ እጅ ለመሥራት የሚያስብ ወጣት ገንዘቡ የሚባክነው ቦልስክሪው ሲገዛ ነው፡፡ ቦልስክሪው የሞተሩን ዙረት ወደ ቀጥታ ጉዞ የሚለውጥ ዘንግ ነው፡፡ በዘንጉና በዳዶው መካከል የብረት ኳሶች ስለሚሽከረከሩ፣ ከጉልበቱ 90 በመቶ ገደማ ለሥራ ይውላል፡፡ ተራው ባለጥርስ ዘንግ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በላይ በሰበቃ ያባክናል፡፡

1605 ማለት ውፍረቱ 16፣ በአንድ ዙር የሚጓዘው 5 ሚሊ ሜትር ነው፡፡ ለአነስተኛ ማሽን ይበቃል፡፡ ዘንጉ ሲረዝም ግን በፍጥነት ሲዞር ይርገበገባልና ወፍራሙን መምረጥ ይሻላል፡፡ ሲ7 የተባለው ደረጃ በ300 ሚሊ ሜትር ላይ 0.05 ሚሊ ሜትር ስህተት ይፈቅዳል፤ ለእንጨት ሥራ ከበቂ በላይ ነው፡፡

መብራት በሚቆራረጥበት አገራችን አንድ ነገር አይዘንጋ፡፡ ቦልስክሪው በራሱ አይቆምም፡፡ ኃይል ሲጠፋ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ክፍል በክብደቱ ሊወርድ ስለሚችል ፍሬን ይደረግለት፡፡

የሕግ ሰው ነኝና አንድ ልጨምር፡፡ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ ዕቃውን መርምሮ ጉድለቱን ለሻጭ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል፡፡ በተረከባችሁበት ዕለት ዘንጉን ጫፍና ጫፉን ደግፋችሁ አዙሩ፤ ዳዶውንም ነቅንቁ፡፡ ኳሶቹ እንዳይረግፉ ዳዶውን ከዘንጉ አታውጡ፡፡ ከተወላገደ ወይም ከላላ ሳትገጥሙት ለሻጩ በጽሑፍ አሳውቁ፡፡ የዘገየ ገዢ መብቱን ሊያጣ ይችላል፡፡